አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሻማ ለድንቡሼ

ኅዳር 12፣ ሐሙስ፣ ከሥራ መልስ

ለልጄ አባት፣

ጤናህን አልጠይቅህም። ፎቶህን አይቻለሁ፤ ፊትህ ሞልቷል፣ ኮቱ ጠቦሃል፣ ደህና ነህ። እኔም ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ሌላው እንደ ድሮው ነው። ስልክህን ስለዘጋህብኝ በወረቀት ልጽፍልህ ተገድጃለሁ። እህትህ ፎቶ አንስታ እልክለታለሁ ብላኛለች፤ «ብቻ በሞቴ ስድብ አታብዢበት» አለችኝ። እሞክራለሁ።

የምፈልገውን አስቀድሜ ልናገር፤ የቀረውን ብትፈልግ አንብበው፣ ባትፈልግ ተወው። ፌስቡክ ላይ የለጠፍከውን ፎቶ ሙሉውን ላክልኝ። ወረቀቱን ራሱን፣ ቆርጠህ ካስቀረኸው ግማሽ ጋር። አንድ ቅጂ ብቻ ነበር፣ እሱኑ ለአንተ ላክሁት። እኔ ዘንድ የልጄ ፎቶ አንድም የለም። ጣሪያው ያፈሰሰ ጊዜ አልበሙ ውስጥ ያለው ሁሉ እርስ በርሱ ተጣበቀና፣ ላላቅቀው ስል ፊት ፊቱ እየተላጠ ወጣ። ያኔ ይህንን ጽፌልህ ነበር፤ አልመለስክልኝም።

አሁን ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ።

ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ላይ ነበርኩ። ዛሬም ያው ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አንሶላ እተኩሳለሁ፤ ያው ምድር ቤት፣ ያው እንፋሎት፣ መስኮት የሌለው ያው ግድግዳ። አጠገቤ የምትተኩሰውን ሴት «ራዲዮ» እንላታለን፤ ወሬ ሳታሰማ አንዲት የትራስ ልብስ አታጥፍም። እርጥብ እጇን ሽርጧ ላይ ጠረገችና ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው።

«አንቺ፣ ይሄ ያንቺ ሰውዬ አይደለም እንዴ? አገር እያስለቀሰ ነው እኮ!»

አየሁት። «ልጄ፣ ልዑሌ፣ ካለፍክ ዛሬ አሥራ ሰባት ዓመትህ። ይህቺ ፎቶ ከኪስ ቦርሳዬ አንድ ቀን ተለይታ አታውቅም። ፊትህን ሳላይ ያደርኩበት ቀን የለም» ብለህ ጽፈሃል። ቀኑን እንኳ አልተሳሳትክም፣ ለዚህ ምስጋና ይገባሃል። ከጽሑፉ ሥር ፎቶው፣ ከፎቶው ሥር አንድ ሺህ ሦስት መቶ ለቅሶ ደራሽ። ሻማ በሻማ ሆኗል። «አይዞህ ወንድሜ»፣ «የአባት አንጀት እንዲህ ነው»፣ «አንተን የመሰለ አባት ለሁሉም ይስጥ»። አዲሷ ሚስትህም ሦስት ልብ አስቀምጣለች። እሷን አልጠላትም፤ የምታውቀው የነገርካትን ብቻ ነው። ልጃችንን የቀበርን ዕለት አሥራ አንድ ሰው ነበርን። አንተ «አለቃዬ ፈቃድ ከለከለኝ» ብለህ ቀረህ፤ ከለቀስተኛውም አምስቱ መቃብር ቆፋሪዎች ነበሩ።

ፎቶውን አየሁና ሳቅሁ። እናት መቼም ልጇን ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች። ራዲዮ «ምን ያስቅሻል፣ አበድሽ እንዴ?» አለችኝ።

ያ «ልዑሌ» ያልከው ልጅ፣ ጌታው፣ ድንቡሼ ነው። የጎረቤታችን፣ ግድግዳ የምንጋራት ሴትዮ ልጅ። አልሞተም። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ከመንገዱ ማዶ ጎማ ጥገና ቤት ይሠራል፣ በአንድ መቀመጫ አራት ዳቦ ይጨርሳል፣ ዛሬ ጠዋትም ሰላም ብሎኝ አልፏል።

ወይ አንተ! እንዴት እንደተሳሳትክ እኔው ልንገርህ፣ ከእኔ በላይ የሚያውቅህ የለምና። ጥለኸን ስትሄድ ልጁ የሁለት ዓመት ጨቅላ ነበር፤ ጉንጩ ወርዶ አንገቱን ይሸፍነው ነበር። አንተ ያንን ጉንጭ ይዘህ ሄድክ። በአራት ዓመቱ ኩፍኝ ያዘው፤ ከዚያ ወዲያ ሥጋ የሚባል አልያዘም። ክንዱ ቀጥኖ ራሱ ብቻ ትልቅ ስለሆነ የሰፈር ልጆች «ክብሪት» አሉት። እሱ ደግሞ ወደደው። «አትንኩኝ፣ ክብሪት ነኝ፣ እለኩሳችኋለሁ!» እያለ ያባርራቸው ነበር። ይህንንም ጽፌልህ ነበር፤ ደብዳቤውን ከፍተኸው እንደሆነ እንጃ።

እሱና ድንቡሼ ሦስተኛ ክፍል የገቡ ቀን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ፎቶ አንሺ መጣ። ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ተነሡ፤ አንዱ ድንቡሽቡሽ፣ አንዱ እንጨት። ከጀርባው «ልጅህ ከጓደኛው ጋር» ብዬ ጻፍኩና ላክሁልህ። የትኛው እንደሆነ አልጻፍኩም። ለገዛ አባቱ ልጁን በቀስት ላመልክት? ፎቶው በተነሣ በዓመቱ ክብሪት ሞተ። አንተ ሁለቱን ልጆች አየሃቸውና ጉንጫሙን መረጥክ። ጠግቦ ያደረ ይመስላል፣ ምንም አይጠይቅህም፣ ለሰው ለማሳየትም ያምራል። ሌላውን በመቀስ ቆርጠህ አስቀረኸው፣ ለቦርሳህ ልክ እንዲሆን። በመቀስ መሆኑን በምን አወቅሽ ካልክ ጠርዙ ይናገራል፤ ወጣ ገባ ነው፣ ቀጥ አድርገህ መቁረጥ እንኳ አይሆንልህም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱስ ይዞት ነበር፣ ያስለቀቅኸው አንተ ነህ።

ድንቡሼ ትከሻ ላይ ግን አራት ጣት ቀርቶልሃል። ብታይ ታገኘዋለህ። የልጅህ ጣት ነው። ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ሻማ ለልጅህ የደረሰው ለእነዚያ ጣቶች ያህል ነው፤ የቀረው የበራው ለሌላ ሰው ልጅ ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ ያንተ እንባ እኮ አልገደደም፤ ቤት ሳተ እንጂ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ቤት ሆኜ የድንቡሼ እናት በሩን በሁለት እጇ ደብድባ ገባች። አንድ እግሯ ጫማ አድርጓል፣ አንዱ ባዶውን ነው። ስልኳን እንደ ድንጋይ ይዛዋለች።

«ልጄን በቁሙ ገደላችሁት! ሻማ አበራችሁበት! ምን በደልኳችሁና ነው የምታሟርቱብኝ?»

«እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው» አልኳት።

«እሱ ባልሽ አይደለም?»

«ነበር።»

«እንዴት ያለ ሰው ነው የገዛ ልጁን የማያውቅ?»

ፊቴን አየችው፤ ከዚያ ጩኸቷ ሁሉ ከፊቷ ወረደና አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ እጄን ያዘችኝ። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ስለ አንተ «ሥራ በዝቶበት ነው» እያልኩ የነገርኳት ሁሉ በአንድ ቀን አፈር በላ።

ማምሻውን ድንቡሼ መጣ፣ እጁ እስከ ክርኑ ቅባት፣ አፉ እስከ ጆሮው ሳቅ። «እትዬ፣ ነፍሴን ይማርልኝ በሉ እንጂ! ደንበኛዬ ጎማውን ጥሎ ሊሮጥ ነበር፣ ሙት ጎማ ሲነፋ አየሁ ብሎ!» አለኝ። እናቱ «አፍህን ያዝ!» ብላ ጀርባውን ደለቀችው። እሱ ስልኩን አወጣ። «አንድ ቃል ብቻ ልጻፍለት? ከሥሩ፣ ‹አለሁ› ብዬ። ሌላ ምንም አልጨምር።» አውራ ጣቱ ተዘጋጅቶ ነበር። እስቲ አስበው፤ ከዚያ ሁሉ ሻማ መሐል «አለሁ» የሚል አንድ ሙት። አለቃህ ያነበዋል፣ ሚስትህ ታነበዋለች፣ «አንተን የመሰለ አባት» ያሉህ ሁሉ ያነቡታል። ከዚያ ወዲያ በየትኛው ፊትህ ትወጣለህ?

ቆይ አልኩት። እስከ ሳምንት እሁድ ግማሹ ፎቶ በእህትህ በኩል ካልደረሰኝ ጻፍ እልሃለሁ አልኩት።

ከዚያ ድንቡሼ ፎቶውን አሰፋና ትከሻው ላይ ያሉትን ጣቶች አየ፤ ሳቁ ጠፋ። «ያን ቀን እጅህን አውርድ ብሎ ፎቶ አንሺው ተቆጥቶት ነበር። አላወርድም አለ፣ ጓደኛዬ ነው አለ» አለኝ። ይህን እኔ አላውቅም ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ጎረቤቴ ተቀምጦ አንድም ቀን አልነገረኝም፤ እኔም አንድም ቀን አልጠየቅሁት።

«ያኔ የክብሪት ጥርሱ የወለቀው የቱ ጋ ነበር?» አልኩት።

«ላይኛው መሰለኝ» አለ። «ወይስ ታችኛው… እኔ እንጃ እትዬ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍን ነበር እኮ» አለኝ።

ትናንት ደግሞ እህትህ ያንተን መልእክት ይዛ መጣች። «ሌላ ፎቶ ካላት ትላክልኝ፣ ሰዎች እየጠየቁኝ ነው» ብለሃል አሉ። እሷ እንኳ ቀና ብላ ልትነግረኝ አፍራ ግድግዳውን እያየች ነው የነገረችኝ። ኤዲያ! የአንደኛው ለቅሶ አልበቃህም? ሻማው አነሰህ? ልጅህን በሕይወቱ ላም አለኝ በሰማይ አድርገኸው ኖርክ፣ አሁን ደግሞ ወተቱን ልታልብ መጣህ። ድንቡሼ አሁን በቅርቡ የተነሣው አለው፣ ጢም አብቅሎ። እሱን ልላክልህ? ልጄ ሰማይ ቤት አደገ በላቸው።

ስድብ አታብዢ ተብዬ ነበር፣ አበዛሁ። ይኸው አንዱን ልመልስልህ፣ ዋሽቼሃለሁና።

ማክሰኞ ጠዋት አልሳቅሁም። ራዲዮ ስልኩን ስትደቅነው «ልጄ!» ብዬ ጮህኩ። ካውያው አንድ ቦታ ቆሞ አንሶላው ነደደ፣ እኔ አላየሁትም። ሴቶቹ ሁሉ ሥራቸውን ጥለው ከበቡኝና አብረውኝ አለቀሱ። ቤት የነበርኩትም ኃላፊዋ «ሂጂ፣ ዕረፊ» ብላ ስለሰደደችኝ ነው። ራዲዮ ፎቶውን ስልኬ ላይ ላከችልኝ። አልጋዬ ላይ ተኝቼ ትራሴ ላይ አስቀመጥኩትና የድንቡሼን ጉንጭ ሳምኩት። «ክብሪትዬ፣ እንዲህ ድንቡሽቡሽ ብለህ ነበር እንዴ? እኔ ነኝ ለካ የረሳሁት፣ ሆድህን ሞልቼህ ነበር ለካ» አልኩት። ደስ አለኝ፣ ትሰማለህ? ሳይራብ ነው የሞተው ብዬ ደስ አለኝ። አንተንም መረቅሁህ፣ ይህን ይዘህ ስለቆየህልኝ። ያቺ ሴት በሩን ደብድባ እስክትገባ ድረስ አላወቅሁም። እሷ «ልጄ» ስትል ነው ያወቅሁት። የወለድኩት እኔ፣ ያሳደግሁት እኔ፣ ገላውን አጥቤ የከደንኩት እኔ።

ስለዚህ ድንቡሼ ምንም አይጽፍም። ዛሬ ጠዋት አስምዬዋለሁ። ቢጽፍ ሰው «ታዲያ የሞተው የቱ ነው?» ይላል፣ እኔም የማሳየው የለኝም። ሻማህን ያዝ፣ ለቅሶ ደራሾችህን ያዝ፣ አልነካብህም። ግማሹን ብቻ ፈልግልኝ። ያን ጊዜ የነበረህን ሻንጣ ፈልግ፣ መጽሐፍ ውስጥ ፈልግ፣ የማትለብሳቸውን ኮቶች ገበር ዳብስ። ጣት የምታክል ብትሆን፣ ብትላጥ፣ ብትቆሽሽ ግድ የለኝም፤ ፊቱ ብቻ ይኑርባት።

ቆርጠህ ጥለኸው ከሆነ ግን አትጻፍልኝ። ይቅርታም አልፈልግም። «ጣልኩት» የምትለዋን ቃል በእህትህም አፍ አትላክብኝ። ዝም በል፤ ዝምታህን ለምጄዋለሁ። ዝም ካልክ እኔ ሰነፍ ስለሆነ ነው ያልፈለገው እላለሁ፣ ስሰድብህ እኖራለሁ፣ እዚያ አንድ መሳቢያ ውስጥ አለ እያልኩ።

ከአሁኗ የወለድካቸውን ልጆች ዕድሜያቸውን ያርዝምልህ። ይህን ከልቤ ነው የምልህ። ማታ ከሥራ ስትገባ ግን ፊታቸውን እያቸው።

የክብሪት እናት