የከተማችንን ስሞች የጻፉት ጋሽ ብሩሽ

ጋሽ ብሩሽ ከታፔላ ጻፊ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የተወለዱት እዚችው ከተማ፣ ከአሮጌው በር ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ቤት ነው። ዘመኑ ከተማዋ በንጉሡ ስም የምትጠራበት ነበር። መጀመሪያ ምንጩን ያገኙት ሰዎች በምንጩ ስም ይጠሯት ነበር። ኋላ በመርከብ መጥተው የያዟት ነጋዴዎች ስሙ አፋቸው ላይ አልገራ ቢላቸው በቋንቋቸው ሌላ አወጡላት። ንጉሡ ነጋዴዎቹን ሲያባርሩ ደግሞ የራሳቸውን ሰጧት። ጋሽ ብሩሽ ይህን የተማሩት ትምህርት ቤት አይደለም። አባታቸው የከተማዋ ስም የሚጻፍበትን የበሩን ግንብ ሊቀቡ ሲፍቁ፣ አንዱ ስም ከሌላው ሥር እየተላጠ ሲወጣ አይተው ነው።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታተሉ። መምህራቸው "እጅህ ይጽፋል፣ ጭንቅላትህ ይቀልዳል" ቢሏቸው ብሩሹን ከአባታቸው ተረከቡ። ጎረቤታቸው የነበሩትን ዳቦ ጋጋሪ አግብተውም አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ሴቷን እንቡጥ ይሏታል።

እንቡጥ አፍ ስትፈታ ትከሻቸው ላይ አድርገው ግንቡ ሥር ይወስዷትና "ከጠፋሽ ከየት መጣሁ ትያለሽ?" ይሏታል። እሷም የንጉሡን ስም ሳትሳሳት ትጠራለች። "የአባትሽስ ስም?" ሲሏት "አባዬ" ትላለች። እሱን ነገ እናስተምራታለን እያሉ ይስቁ ነበር።

ያ ነገ አልመጣም። ንጉሡን የገለበጠው ጄኔራል ከተማዋን ሊይዝ ሲገባ ሰው በተገኘው መኪና ሸሸ። ጋሽ ብሩሽ እንቡጥን ጭነት መኪና ላይ ላሉ ለማያውቋቸው ሴት አቀብለው፣ ባለቤታቸውንና ወንድ ልጃቸውን ሊያሳፍሩ ዞር ሲሉ መኪናው ተነሣ። ሮጡ፣ ጮኹ፣ አልደረሱበትም። ብዙም ሳይቆይ ጄኔራሉ ከተማዋን በራሱ ስም ሰየማት። ግንቡን እንዲጽፉ የታዘዙትም እሳቸው ናቸው።

እምቢ ቢሉ ሌላ ሰው ይጽፈዋል፤ ስለዚህ ጻፉት። ቀለሙን ግን በነዳጅ አቅጥነውት ኖሮ፣ ዝናብ ሲመጣ የጄኔራሉ ስም ታጠበና የንጉሡ ብቅ አለ። የጄኔራሉ ሹም አስጠርቶ "ምንድን ነው ይሄ?" ቢላቸው "ጌታዬ፣ የገዛችሁልኝ ቀለም ዝናብ አይወድም" አሉት። ለዚች መልስ የፊት ጥርሳቸው ረገፈ። ከእስር ሲወጡ ደግመው ጻፉት፤ ደግመው አቀጠኑት።

ጄኔራሉ ሲወድቅ ሕዝቡ ስም ሊመርጥ አዳራሽ ተሰበሰበ። "ጥንታዊው፣ የምንጩ ስም ይመለስልን" ሲባል ጭብጨባው ቀለጠ። ጋሽ ብሩሽ ብቻቸውን ተነሥተው "የምንጩስ ደግ ነው። ልጄ የምታውቀው ግን የንጉሡን ነው" አሉ። ሰው አንገቱን ደፋ፤ እጁን ግን ለምንጩ አወጣ። ግንቡ እስከ ድንጋዩ ተፍቆ ፋብሪካ ያተመው ብረት ተሰቀለበት። ብረት ደግሞ አይላጥም።

ከዚያ ወዲህ ብሩሹን ጥለው መናኸሪያ መዋል ጀመሩ። የአውቶቡስ ረዳቶች የየከተማውን ስም ሲጣሩ፣ እሳቸው መሃላቸው ቆመው የንጉሡን ስም ይጣራሉ። አንዱ ረዳት "ጋሼ፣ በዚያ ስም የሚሄድ መኪና እኮ የለም" ብሎ ቢቀልድ "ለሚሄድ አይደለም ልጄ፣ ለምትመጣ ነው" አሉት። ከዚያ በኋላ የቀለደባቸው የለም። እንዲያውም ጉሮሯቸው ሲደርቅ ውኃ ያቀብሏቸው ነበር።

ዕድሜ ልክ የተነፈሱት ቀለም ሳንባቸውን በልቶ ድምፃቸው ሲጠፋ፣ ባለቤታቸው እየሄዱ ይጣሩላቸው ጀመር። ሲመለሱ ጋሽ ብሩሽ በዓይናቸው ይጠይቋቸዋል። እሳቸውም "ዛሬም አልመጣችም" ይሏቸዋል። ባለፈው ማክሰኞ ባለቤታቸው ከመናኸሪያ ሲገቡ የሚጠይቅ ዓይን አላገኙም።

ጋሽ ብሩሽ ባለቤታቸውን፣ ወንድ ልጃቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና እንቡጥን ትተው አልፈዋል። እንቡጥን ከቋሚ ወገን የቆጠርናት እሳቸው አደራ ስላሉን ነው።

ፈጣሪ የለፋች ነፍሳቸውን ያሳርፍልን። እናንተም ቀባሪዎች፣ በየሄዳችሁበት በንጉሡ ስም የምትጠራ ከተማ ተወልጄ ነበር፣ ብፈልጋት አጣኋት የምትል ሴት ካገኛችሁ፣ ከተማዋ አለች በሏት። እናትሽም አለች በሏት።