በሳንቲም የማይወጣ ነፋስ

ታይዋን ላለሽው ልጄ ለራትሪ፤ አላህ እጅሽን ይባርክ። እኛ ደህና ነን። ድመትሽ ወፍራለች፤ አባትሽም ሊደርስባት ምንም አልቀረው።

እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ፤ ልቤም ይደልቃል። ጎረቤታችን እትዬ ሱሚያቲ «ነፋስ ገብቶብሽ ነው» ብለው እንደ አገራችን ልማድ ነፋሱ እንዲወጣ ጀርባዬን በሳንቲም ፋቁኝ። «ቀስ በሉ፣ ሰንበር በሰንበር አድርገው ነብር አስመሰሉኝ እኮ!» ብላቸው በሳቅ ፈረሱ። ነፋሱ ግን አልወጣም።

ጤና ጣቢያ ሄድኩና ሐኪሟ ስለ ድሮ ሥራዬ ጠየቀችኝ። የሲጋራ ፋብሪካው አለቃ በሰው ፊት «ደንቆሮ» እያለ ስንት ዓመት እንዳዋረደኝ ነገርኳት። «ሕመምሽ ከዚያ የመጣ ነው» አለች። ሥራውን ከተውኩ ቆየሁ፤ ዛሬም ሰው ሲጮህ ብድግ ብዬ እቆማለሁ።

አንቺ ደግሞ በስልክ «አለቃዬ ይሰድበኛል፣ ግን ለምጄዋለሁ» አልሽኝ። እኔም ለምጄው ነበር፣ ልጄ። እባክሽ ሥራ ቀይሪ፤ ካልሆነም ወደ ቤትሽ ነይ። አላህ በስምሽ የሚጠራሽ አለቃ ይስጥሽ።

እናትሽ