ጅቡቲ ድምፅ ሰጠች

ሀምዱዬ፣

ጅቡቲ ነጻ ልትወጣ ነው! ጠዋት ሬዲዮው ተናገረ፤ ሕዝቡ ድምፁን ሰጥቶ «ፈረንሳይ ይብቃን» ብሏል። ብቻዬን ስጨፍር ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበው።

እናቴ እዚያ ናት። የዛሬ አምስት ዓመት ከድሬዳዋ ሄጄ «ወረቀት የለህም» ተባልኩና፣ ፈረንሳዮች ከተማውን በከበቡበት የሽቦ አጥር ቀዳዳ ዳቦ አቀብላኝ ተለያየን። አሁን በበሩ እገባለሁ!

የሞምባሳው ባቡር እንዳያመልጠኝ እየሮጥኩ ነው። ከዚያ መርከብ አላጣም።

ወተቱ ፈልቷል።
ቁልፉ ኩለሱም ሱቅ ነው።
ጥቁሩን ኮትህን ለብሼዋለሁ። አትቆጣ፤ እናቴ አምሮብኝ ትየኝ ብዬ ነው።

እስክትመጣ ያልጠበቅኩህ ስለማውቅህ ነው። «ኢስሀቅ፣ አንተና ሕልምህ! አጥሩን ማን አነሳልህ?» ትለኛለህ። እኔም ልክ ነህ ብዬ ጫማዬን አወልቃለሁ።

ኢስሀቅ