ሰሀር በነጻ የሰጠችን፣ እኔ የቆለፍኩት

ይድረስ ለወንድሜ ለናሲር፤ ደሴ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወንድም ዓለም። እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ ዳገቱን ያስወጣሃል? የባለቤትህ የዘይነባ ስኳር ጋብ አለላት? እኔ ከእግሬ ቁርጥማት በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነው አፌ ነው። ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቃለህ፤ እጁ የልጅ ልጄ የኒስሪን ነው፣ ቃሉ የእኔ።

ልጅህ ሰሀር ለቅሬያችን፣ እዚህ እድር ለሚሉት፣ የሠራችው ፕሮግራም ሰው ሲሞት ለአባሉ ሁሉ በስልኩ ቀብሩ የትና መቼ እንደሆነ ያደርሳል። የሠራችው ሌሎች በነጻ በለቀቁት ሥራ ላይ ነው። የእነሱ ቃል፣ ውሰዱ፣ እንደሚመቻችሁ ለውጡ፣ የለወጣችሁትንም ለሌላው እንዲሁ ክፍት አድርጉ የሚል ነው። እሷም በዚሁ ቃል ሰጠችን። የሰፈራችን የፉትስክሬይ ልጆችም ከሥራ ሺፍት ሲወጡ እየነካኩ አሻሻሉት።

ከከተማው ማዶ ያሉት የዌሪቢ ሰፈር እድርተኞች ስጡን ሲሉ ግን፣ የቅሬው ዳኛ ነኝና፣ ተቆጣሁ። የቅሬ ድንኳን ለጎረቤት ይዋሳል እንጂ መቀስ አይነካውም፤ ይጠቀሙ፣ ማንም እንዳይለውጠው ግን አብሮት በሚሄደው የአጠቃቀም ፈቃድ ላይ ይጻፍ አልኩ። ሰሀር በስልክ፣ አጎቴ፣ ይሄ ድንኳን አይደለም፣ እነሱ የሚነኩት የራሳቸውን ኮፒ ነው፣ የእናንተ አይቀደድም፤ ለእኔም የገባሁትን ቃል ማፍረስ ነው ብላ ለመነችኝ። አንቺ ሳትወለጂ ሰው ዳኝቻለሁ አልኳት። ታላቅ አክባሪ ናትና ያልኩትን ጻፈች።

ዌሪቢ እትዬ ማንተግቦሽ የሚባሉ እንደኔው ያልተማሩ ሴት አሉ። የእድራቸው ኮምፒውተር አዋቂ አዛርያስ መልእክቱን በድምፅ እንዲያነብላቸው ሊያደርገው ጀምሮ፣ ክልከላዬን ሲያይ ተወው። ባለፈው ወር የስደት ካምፕ ጓደኛቸው ሲቲ ሞተች። መልእክቱ ስልካቸው ገብቷል፤ የሚያነብላቸው ሰው አልነበረም። የእኛ የሙስሊሞች ቀብር ደግሞ አይቆይም። ሲሰሙ አፈሩ ተመልሶ ነበር። ቤቴ ድረስ መጥተው፣ ጋሼ አብዱልሀሚድ፣ ለእርስዎ ማን ነው የሚያነብልዎት? አሉኝ። ኒስሪን አልኩ። እኔ ኒስሪን የለችኝም ብለውኝ ሄዱ።

የነጻው ሥራ ባለቤቶችም ለሰሀር፣ ወይ ክልከላውን አንሺ ወይ የእኛን ሥራ አውጪበት ብለዋታል። የእኛ ልጆችም፣ ለሌላ የማይተርፍ ከሆነ ለምን እንለፋለን ብለው እጃቸውን ሰብስበዋል። አሁን ደግሞ ሰሀር አፍራ ሁሉንም ልትሰርዘው ነው አሉኝ። ስልኬን አታነሳም።

እሁድ ቅሬው ፊት ቆሜ ጥፋቱ የእኔ ነው እላለሁ። አይከብደኝም። ውሸቴን ነው፣ ይከብደኛል። ግን ሥራው የእሷ ነውና እኔ ብናገር ቁልፉ አይከፈትም። መሰረዙን ትታ ክልከላውን ብቻ ብታነሳ አዛርያስ የጀመረውን ይጨርሳል። አባቷ ነህ፣ ብታዛት እሺ ትላለች፤ አደራህን አትዘዛት። በእኔ ትእዛዝ አንዴ ያላመነችበትን ጽፋለች። የእትዬ ማንተግቦሽን ነገር ብቻ ንገራት፤ ከዚያ ወዲያ እሷ ታውቃለች።

ዘይነባን አላህ ያሽርሽ በልልኝ። ኢስሐቅን ከነልጆቹ፣ ጎረቤታችንን ገብረጻድቃንንም ሰላም በልልኝ። ለሰሀር በአንተ በኩል ሰላምታ አልልክም። ስልኩን ያነሳች ቀን፣ ልጄ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ የምላት እኔው ራሴ ነኝ።

ወንድምህ አብዱልሀሚድ
ፉትስክሬይ፣ ሜልበርን
የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.