ቁልፉን ለወርቁ አልሰጥም

ደብረ ታቦር
ኅዳር 28 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለይርጋ፣
አሥመራ

ደህና ነህ ወይ? እኔ ከዚህ ነው የምጀምረው። አንተ ግን ሦስት ገጽ ሙሉ ስትጽፍ እኔንም ልጃችንን ትርንጎንም እንዴት ናችሁ አላልክም። ስለ ላንድሮቨርህ ብቻ ነው የተቆጣኸው። ማን አስነካው፣ ማን ፈታው፣ ቁልፉን ለወንድሜ ለወርቁ አስረክቢ፣ ጎንደር ገዥ አግኝቷል ይሽጠው ትላለህ። «መኪናዬን ቅቤ ቀባሽው አሉ» የምትለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን እሳት ልከተው ምንም አልቀረኝ። ትርንጎ ናት የቀማችኝ።

እሺ፣ ወርቁ የጻፈልህን ጽፎልሃል። አሁን ደግሞ የኔን ስማ።

ለዘመቻ ስትጠራ ወርቁ መኪናውን እየነዳ የገሳይን ድንችና ገብስ ወደ ገበያ እንዲያመላልስ፣ እኛም በዚያ እንድንኖር ብለህ ነው የሄድከው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል መኪናው ከሥሩ መንኳኳት ጀመረ። ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ቋ ይላል፤ መሪውን ወደ ቀኝ ሲይዙት ግራ ያምረዋል። ወርቁ አንድ ቀን ግቢ አምጥቶ አቆመውና ሻንሲው፣ ዋናው የሥሩ ብረት፣ ተሰብሯል፣ አለቀለት፣ ሳይዝግ ይሸጥ አለ። ጎንበስ ብሎ እንኳ አላየውም። ቆሞ ነው የፈረደበት። የተሰበረ መኪና አልነዳም ብሎም ቁልፉን ወረወረልኝ።

እኔ ምን ላድርግ? የወፍጮ ቤቱን ሞተር የሚጠግኑትን ጋሽ ኢብራሂምን ለምኜ አመጣሁ። በጀርባቸው ተንሸራተው ከሥሩ ገቡና በብረት ዘንግ እያነቃነቁ አንድ በአንድ አዩት። ሻንሲው ምንም አልሆነም። ያለቀችው መኪናውን የሚሸከመው የተነባበረ ብረት፣ ባሌስትራው፣ ጫፍ ላይ፣ ብሎኑ በሚያልፍበት ቀዳዳ ውስጥ ያለችው ጎማ ናት፤ እናንተ ጎሚኒ የምትሏት። እሷ ተበልታ ብረት ከብረት ይጋጫል፣ ሌላ ነገር የለውም። በዚያች ጣት በምታክል ጎማ ነው እንግዲህ ወንድምህ መኪናህን ሊሸጥ የተነሳው።

ጎሚኒውን ከጎንደር አስመጣን። ዓርብ ጠዋት እዚሁ ግቢያችን መኪናውን በክሪክ አንስተን በግንድ ደገፍነው። ወርቁም ሊያይ መጣ። ጋሽ ኢብራሂም የድሮውን ጎማ በጋለ ብረት አቃጥለው አወጡና፣ ቀትር ላይ ሰግጄ እስክመለስ እንዳትነኩት ብለው መስጊድ ሄዱ። አንድ ሰው እስኪሰግድ ቆመን አንውልም ብሎ የጀመረው ወርቁ ነው። አዲሱ ጎማ አልገባ ሲለው ደግሞ ቅቤ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። አልክድም። አባቴ የሞፈሩ ምራን ቆዳው ሲደርቅበት በቅቤ ነበር የሚያሸው፤ ለጎማም የሚበጅ መሰለኝ። ወርቁም መኪናው ገና ግንዱ ላይ ሳለ ብሎኖቹን ሁሉ አጥብቆ ጨረሰ። ጋሽ ኢብራሂም ሲመለሱ መኪናው ወርዶ ቆሟል። ቅቤውን ማን ይንገራቸው?

በሃያ ቀኑ ያው መንኳኳት ተመልሶ መጣ። ሲፈቱት ጎማው አብጦ ተቀዳዷል። ጋሽ ኢብራሂም አሸተቱትና ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ጎማ ቆዳ አይደለም፤ ቅባት ይበላዋል። በሳሙና ውሃ ነው የሚገባው። ብሎኑም የሚጠብቀው መኪናው በገዛ እግሩ ሲቆም ነው። ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ፣ ሲወርድ ጎማው ይጠመዘዝና ይቀደዳል።»

አፈርኩ። ወርቁ ግን አላፈረም፤ የራሱን ብሎን ትቶ የኔን ቅቤ ብቻ ጻፈልህ። አንተም አመንከው። አሥር ዓመት አብሬህ ኖሬ አንድ ቃል እንኳ ሳትጠይቀኝ!

ጋሽ ኢብራሂም ሌላ ከጎንደር እስኪመጣ አልጠበቁም፤ ከአሮጌ የከባድ መኪና ጎማ በቢላዋ ቀርጸው ሠሩት። እኔ ሳሙናውን እየበጠበጥኩ አቀብል ነበር። መኪናው ወርዶ መሬት ሲይዝ የመጨረሻዋን ብሎን ከሥሩ ተኝቼ ያጠበቅኳት እኔ ነኝ። ጎረቤት አጥሩ ላይ ተደርድሮ ሳቀ። ይሳቅ። ይኸው ወር አለፈው፣ ገሳይ ሲመላለስ ኮሽ አላለም።

ማን ይነዳዋል ትል ይሆናል። እኔ ነኝ። ለቀልድ ብለህ ሜዳ ላይ መሪ ያስያዝከኝ አንተው ራስህ ነህ። በሰኔ ጎንደር ተፈትኜ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ፤ ትስቅብኛለህ ብዬ ነው ያልነገርኩህ።

አሁን ዋናውን ልናገር። እስካሁን ስቆጣ ቆየሁ እንጂ፣ ደብዳቤህን ገና ስከፍተው ነው ልቤ የወረደው። ጽሑፉ ያንተ አይደለም። የፊተኞቹን ሁሉ አውጥቼ ከጎኑ አድርጌ አየሁት። መጨረሻው ላይም ፊርማህ የለም፤ የጣት አሻራ ነው ያለው። ፊደል የቆጠረ ሰው ምን ሆኖ ነው በአሻራ የሚፈርመው? «ከእንግዲህ መኪና ለኔ ምን ያደርግልኛል» ማለትስ ምን ማለት ነው? ወርቁን ምን ሆነ ንገረኝ ብለው «ራሱ ይንገርሽ» ብሎኝ ወጣ። ለሱ ነግረህ ከኔ ደብቀሃል። ይህንን ነው ይቅር ለማለት ያቃተኝ።

ምን እንደሆንክ አልጠይቅህም። አሥመራ የትኛው ሆስፒታል እንደተኛህ ብቻ አስጽፈህ ላክልኝ። ቁልፉን ለወርቁ አልሰጥም። ወደ ጎንደር ያመጡህ እንደሆነ በገዛ መኪናህ መጥቼ እወስድሃለሁ። እኔ እነዳለሁ፣ አንተ ጋቢና ትቀመጣለህ።

ኢየሱስ በደህና ያገናኘን። የተረፈህን ሁሉ ይጠብቅልኝ።

ሚስትህ
ፈንታነሽ