ሰባት ቤት ሲቆጠር የተዘለለችው

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሽ መንገሻ፣

እንደምን ከርመዋል ጋሼ? ያ የጉልበትዎ ሕመም ክረምቱ ሳይገባ ለቀቅ አደረገዎት ወይ? እትዬ ዘርትሁንስ ዓይናቸውን ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ታዩ? በልጉስ እንዴት ሆነ፤ ገብሱ ያዘ ወይስ ዘንድሮም ውርጭ መታው? ቂም ቢኖረኝም ጤናዎን ሳልጠይቅ ወደ ነገሬ አልገባም። እኔ በአካል ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። በልብ ግን ደህና አይደለሁም። አማን ነኝ ብዬ ብጽፍልዎ የባለቤቴ የልዕልት ነፍስ ትታዘበኛለች።

ይህን ወሬ በስልክ በጀመርሁት ቁጥር መስመሩ ይቆራረጣል ይሉኛል። ወረቀት አይቆራረጥምና ይኸው ጻፍሁልዎ።

እሷ ካረፈች ወዲህ እዚህ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ነጭ እንደማስታምም ያውቃሉ፤ ሚስተር ዌንዶቨር ይባላሉ። ሥራዬ ማጠብ፣ ማልበስ፣ መድኃኒት ማቀበል ነበር። ሰውዬው ግን ዘር መቁጠር የሚሉት አባዜ ይዟቸዋል፤ በዊልቸር እየገፋሁ ከመዝገብ ቤት ወደ መቃብር፣ ከመቃብር ወደ መዝገብ ቤት ስንከራተት ዓመታት አለፉ። የሚከታተሉት ሁለት ቤተሰብ ነው፤ እንግሊዝ ይህን አገር ቅኝ ስትይዝ በመርከብ መጥተው ቨርጂኒያ የሰፈሩ፣ ዌንዶቨርና ክራዶክ የሚባሉ። የአንዱ ቤት ወንድማማቾች የሌላውን ቤት እኅትማማቾች አገቡ። ልጆቻቸው እርስ በርሳቸው ተጋቡ፤ የልጅ ልጆቻቸውም እንዲሁ። ስሙ እንኳ ያው ነው፤ አያት ቶማስ፣ ልጅ ቶማስ፣ አማች ቶማስ። ሠንጠረዡን ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጉት ሐረጉ ይወጣና ተመልሶ ይገባል፤ እንደ ገመድ የተገመደ ነው። «በፍቃዱ፣ እኔ እኮ የገዛ ራሴ የአጎት ልጅ ነኝ» እያሉ ይስቃሉ።

አንድ ቀን የእኛን ሥርዓት አጫወትኋቸው። እኛ ዘንድ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም አልኋቸው። «እኛ ቤት የሚቆጠረው መሬት ነበር» አሉኝ፤ ልጅቷ ለባዕድ ከተዳረች መሬቱም ተከትሏት ይሄዳል ማለታቸው ነው። እኔም ኮራሁ። ታላቅ ወንድሜ ያለ አንድ ወረቀት ሰባቱንም ቤት በቃሉ ይዘረዝራል ብዬ በእርስዎ ተመካሁባቸው። ዛሬ ያን ሳስታውሰው ምላሴ ይመረኛል።

የጥንት መቃብር ደንጊያ ፊደሉ ይፋቃል። ያን ጊዜ በጎኑ መስታወት ይያዝለታል። ፀሐዩን ደንጊያው ላይ ሳስተኛው የጠፋው ስም ቀስ እያለ ይነሣል፤ እሳቸው ይጽፋሉ። ከብረት አጥሩ ውጭ ግን፣ ቁጥቋጦው ውስጥ፣ ፊደል ያልተቀረጸባቸው ደንጊያዎች አሉ። መስታወቱን ብይዝላቸውም የሚነሣ የለም። የማን ናቸው ብላቸው «የቤታችን ሰዎች» አሉኝ። ባሮቻቸው ናቸው። ይህች አነጋገር ሆዴ ውስጥ ቀረች፤ ቀድሞ የት እንደሰማኋት አውቃለሁና።

ባለፈው ኅዳር ፔትዎርዝ ከሚባል የዋሽንግተን ሰፈር አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት መጡ፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። በምራቅ ምርመራ የዌንዶቨር ደም እንዳለባቸው ታውቆ፣ የቅድመ አያታቸው ስም ከሠንጠረዡ እንዲገባ ነው የለመኑት። ሚስተር ዌንዶቨር በክብር አስቀመጧቸው፣ ሻይ አስቀረቡላቸው። ከዚያ ወረቀት የሌለውን ሰው አልጽፍም አሏቸው። ሴትዮዋ ኮታቸውን እያጠለቁ፣ «ወረቀቱን ስትጽፉ የኖራችሁት እናንተ፤ ወረቀት የሚጠየቀው ከእኔ!» አሉ። በር ከፍቼ ስሸኛቸው ደግሞ ከላይ እስከ ታች አይተውኝ፣ «አንተ ጎበዝ፣ በር አከፋፈት ታውቅበታለህ» አሉኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ እስክገባ ድረስ ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

ጋሼ፣ አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። ቤታችን ስታገለግል የኖረችው የአየለች የልጅ ልጅ ኡራኤል ዲቪ ደርሶት ሲመጣ «የቤታችን ሰው ዘር ነውና ተቀበለው» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ከቤቴ ሥር ያለውን ቤዝመንት በኪራይ ሰጠሁት። ቀን ፓርኪንግ ይሠራል፣ ማታ ይማራል፣ እሑድ እሑድ ከእኔና ከልጄ ከያኔት ጋር ያስቀድሳል። በአማርኛ ስናገራት በእንግሊዝኛ ትመልስልኝ የነበረችው ልጅ፣ ከእርሱ ጋር ሆና አፏ ተፈታ። ሊጋቡ እንደሆነ ሲነግሩኝ እናቷ ይህን ሳታይ ብዬ አለቀስሁ። የነፍስ አባታችን ግን፣ «ሰባት ቤት ቆጥራችኋል?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው የደወልሁልዎ። ልዕልት የአየለችን ፎቶ ባየች ቁጥር «ይህ አገጭ የአባትህ ነው» ትለኝ ነበር፤ እኔም «ተይ እባክሽ» እላት ነበር። ስለዚህ አላድበሰበስሁም። የአየለች እናት አባታችን ቤት ገረድ ነበረች፤ አየለችስ የአባታችን ልጅ ናት ወይ ብዬ ቁልጭ አድርጌ ጠየቅሁዎ። «ጠጥተሃል እንዴ? የገረድ ዘር ከእኛ ጋር ምን አገናኘው! በማተቤ፣ ምንም የለም። ይልቅ ልጅህን ለማን እንደምትሰጥ እፈር» አሉኝ። በማተብዎ ማሉ ጋሼ።

መሐላዎን ይዤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጥርጣሬዬን ለልጆቹ ነግሬ እንደ ሴትዮዋ በምራቅ እንመርመር አልኋቸው፤ ሳቁብኝ። ያኔት «ዳዲ ሳይንቲስት ሆነ» አለች። ኡራኤል ደግሞ፣ «ጋሼ፣ ዘመድ ከሆንን የቤዝመንቱን ኪራይ ይቀንሱልኛል?» አለ። እኔና እርሱ ምራቃችንን በብልቃጥ አድርገን ላክን። በዐቢይ ጾም መካከል መልሱ መጣ። ሥጋዬ ነው። የሩቅም አይደለም።

ከፋሲካ በኋላ የታሰበው ሠርግ ቀረ። ኩሽናዬ ውስጥ ነው የነገርኋቸው። ያኔት በእንግሊዝኛ ጮኸች፤ ሁላችሁም ታውቁ ነበር ነው ነገሩ። ኡራኤል ግን፣ «አያቴ እኮ እስከ ዛሬ ለጋሽ መንገሻ ቆማ ነው የምታበላቸው» አለ። ቆይቶም፣ «አሁን እርስዎን ምን ብዬ ልጥራ?» ብሎ ጠየቀኝ። አጎቴ በለኝ ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ። በሳምንቱ ሻንጣውን ይዞ በርክ በሚባል ሰፈር ካለ ጓደኛው ጋ ገባ፤ ቁልፉን ደረጃው ላይ ትቶልኛል። ያኔትም አስፐን ሂል በሚባል ሰፈር ከጓደኛዋ ጋር ናት። ስደውልላት «አይ አም ፋይን ዳድ» ብላ ትዘጋዋለች። አማርኛዋንም ይዛው ሄደች።

አባታችን ላደረጉት ፈራጅ አላቸው፤ እኔ አልፈርድም። የሚያንገበግበኝ የእርስዎ ነገር ነው። እኅታችን ናት የምትል አንዲት ቃል ከአፍዎ ከምትወጣ፣ ሁለት ሥጋ ዘመድ ልጆች እንዲጋቡ መረጡ። ሚስተር ዌንዶቨርን ስታዘባቸው ከርሜ ነበር፤ የእሳቸው አያቶች ለመሬት ብለው ዘመድ አገቡ፣ እርስዎ ለስም ብለው ዘመድ ሊያጋቡ ነበር። እኔንም አልምርም። ኡራኤልን ቤዝመንት ሳስገባው ላይኛው ፎቅ የልዕልት ክፍል ባዶውን ነበር። ለሌላ የወንድም ልጅ ቢሆን ላይ አስተኛው ነበር። 

የተበላሸው አይመለስም። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ይህን ደብዳቤ ለአየለች በገዛ አፍዎ ያንብቡላት። ኡራኤል እስካሁን አልነገራትም፤ «ከእነርሱ አፍ ትስማው» ብሏል። እስከ ሐምሌ አቦ እጠብቃለሁ። ከዚያ ካለፈ ግን ደውዬ እኔው እነግራታለሁ፤ ያን ጊዜ መስመሩ አይቆራረጥም።

ሰላምታ በታላቅ ይጀመራል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። አየለች እርስዎን አዝላ ያሳደገች ናት፤ ማን እንደሚበልጥ አይጠፋዎትም። እንግዲህ፦

ለታላቅ እኅታችን ለእትዬ አየለች፦ እኔ ታናሽ ወንድምዎ ጉልበትዎን ስሜያለሁ። ከእንግዲህ ማዕድ ሲቀርብ አይቁሙ፤ ይቀመጡ። ከእሳቸው ቀጥሎ ለእርስዎ፣ ለጋሽ መንገሻ። ለእትዬ ዘርትሁን፣ እግዜር ብርሃናቸውን ይመልስላቸው። ለልጅዎ ለለገሰና ለባለቤቱ። ለልጃቸው ለትንሿ ሳምሪ፤ ቆጠራ ስታስተምሯት ማንንም አታስዘልሏት።

የእሳቸውም የእርስዎም ታናሽ፣
በፍቃዱ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ግንቦት ፮ ቀን ፳፻፮ ዓ.ም.