በቱቦው ውስጥ ውሃ አልነበረም

ይድረስ ከድንበሩ ማዶ፣ በኬንያ ሞያሌ ለሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ለጋልጋሎ ጎሊቻ።

ናጋ ነህ ወይ? ሰውነትህስ፣ ቤትህስ፣ ባለቤትህ ዲንቄስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? ከብቶቹስ ብዬ አልጠይቅህም። ዘንድሮ እዚህ ሰው ሲገናኝ ሁሉን ይጠያየቅና ያችን ጥያቄ ዘሏት ያልፋል። እማማና እህታችን አሸቱ አሉ፤ እኔም አለሁ። አባባን በተመለከተ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ከከተማው ውጪ በወደራ መንገድ ዳር የድምፅ ጣቢያ መቆሙንና እኔም እዚያ በጥበቃ መቀጠሬን ሳትሰማ አትቀርም። ሬዲዮ ጣቢያ እንዳይመስልህ። ሩቅ አገር እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አየሩን ያናውጠዋል። ድምፁ ከመጠን በላይ ወፍራም ስለሆነ የሰው ጆሮ አይሰማውም፤ ነገር ግን በረሃውን ሁሉ አቋርጦ እኛ ድረስ ይመጣል። መሬት ላይ የዘረጋናቸው የጎማ ቱቦዎች ተቀብለው ለመሣሪያው ያደርሱታል፣ መርፌው ወረቀት ላይ ይጭረዋል። ከእኛ ወደ መጣበት አቅጣጫ አንድ መስመር ይሰመራል፣ ከሌላ አገር ጣቢያ ደግሞ ሌላ፤ ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ተራራው አለ። ቱቦዎቹ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሏቸው፤ የእኛ አገር ነፋስ መሣሪያውን እንዳያሞኘው ነው። አለቃዬ አበባየሁ ያስረዳኝ እንዲህ ነው።

አባባ ግን ቱቦውን ሲያዩ የታያቸው ሌላ ነው። የሀገያ ዝናብ ቀርቶ የውሃ ጉድጓዳችን ኤላው ሲነጥፍ መጡና በአጥሩ ላይ ተደግፈው ተራችን መቼ ነው አሉኝ። የምን ተራ ብላቸው፣ የውሃ ነዋ አሉ። በእኛ ደንብ የኤላ አባት ተራ ያስይዛል እንጂ የተጠማ ከብት አይመልስም፤ ይህን ለአንተ አልነግርህም። ውሃ የለበትም፣ ድምፅ ነው የሚያልፍበት አልኳቸው። ምን ዓይነት ድምፅ አሉ። የማይሰማ አልኩ። ጋልጋሎ፣ ስናገረው ለራሴም ውሸት መሰለኝ። አባባ ትክ ብለው አዩኝና፣ በዚህ አገር ታጥሮ የሚጠበቅ ውሃ ብቻ ነው፣ ደሞዝ ከፍሎ ባዶ ጎማ የሚያስጠብቅ መንግሥት የለም ብለውኝ ሄዱ። ቀዳዳውም ለከብት እንዲያንጠባጥብ የተሠራ ነው ብለው ለመንደሩ ነገሩ።

ቀይዋ ላማችን በውሃ ጥም የወደቀች ዕለት ግን መጥረቢያቸውን ይዘው በጠራራ ፀሐይ መጡና ቱቦውን ቆረጡት። ቢሸሹ ኖሮ ጅብ አኘከው ብዬ እምል ነበር፤ ጅብ ጎማ እንደሚወድ ሁሉም ያውቃል። እሳቸው ግን በኤላ ነገር አይዋሹም። ቀጥ ብለው አበባየሁ ዘንድ ገቡና፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ደርቋል፣ ጎረምሶች ልጥራና ጠልቀን እንቆፍርላችሁ አሉት። ያበላሹ ሳይሆን የሚረዱ ነበር የመሰላቸው።

አበባየሁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይጠገናል ብሎ ሸኛቸው። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ ሳይደርስ ግን በሰሜን በኩል አንድ ተራራ ፈነዳ። ሌላው ጣቢያ ሰማው፤ የእኛ ወረቀት ላይ ያለው የነፋስ ጭረት ብቻ ሆነ። በአንድ መስመር ብቻ ተራራው ከባሕር ወዲህ ይሁን ወዲያ ማወቅ አልተቻለም። ከበላይ ለምን ተባለ፤ አበባየሁም የሆነውን ጻፈ። አንድ ሽማግሌ ቆረጠው ያለው ቃል ከካድሬ ወደ ካድሬ ሲዞር ቆይቶ አሻጥር ሆኖ ተመለሰ። አባባን ከኤላው አፍ ላይ ወሰዷቸው።

አሁን ከገበያው ጀርባ ታስረዋል። ያስላቸዋል፣ ከስተዋል። ወደ ሌላ ከተማ ሊያዛውሯቸው ነው ይባላል፤ ወዴት እንደሆነ የሚነግረን የለም። አንጀቴን የሚያቃጥለው ግን ይህ ብቻ አይደለም። ውሃ በጀሪካን ይዤላቸው ገባሁ። ከአባቱ ከብት ውሃ ከደበቀ እጅ አልጠጣም አሉ፣ ጠባቂው እየሰማ። እማማ ለመነች፣ ሽማግሌ ላክሁ፣ አበባየሁም ራሱ ሄዶ ሊያስረዳቸው ሞከረ፤ ፊታቸውን አዞሩበት። ለምን ታሰርኩ ብለው አይጠይቁም። ልጄ ለምን ከለከለኝ ነው የሚሉት። ቱቦው ተቀጥሏል፤ በሬ ካራጁ ይውላል እንዲሉ እኔም እዚያው እውላለሁ፣ ቤቱን የሚያኖረው ሌላ ገቢ የለምና።

ወንድሜ፣ ልትመጣ እንደማትችል አውቃለሁ፤ ከብሔራዊ ውትድርና መጥፋትህን ቀበሌው አልረሳም። ወረቀትም አትላክላቸው፤ እሳቸው አያነቡም፣ እኔ ባነብላቸው አያምኑኝም። ድምፅህን በካሴት ቅዳና ይህን ደብዳቤ ላመጣልህ ለሾፌሩ ለሀሺ ስጠው። ጠባቂውን ያውቀዋል፣ ቴፑን አስገብቶ ያሰማቸዋል። በቱቦው ውስጥ ውሃ አልነበረም፣ ጉዮ አልዋሸም በላቸው። በኦሮምኛ፣ ቀስ ብለህ፣ በራስህ አፍ፤ ያንተን ድምፅ ያምናሉ። እንዲፈቱ ማድረግ በእኛ እጅ የለም፤ እሱን አልለምንህም። ከመወሰዳቸው በፊት አንድ ጊዜ ከእጄ ይጠጡ።

እማማ ዓይንህን ሳላይ አልሙት ብላ ትስምሃለች። አሸቱ ለዲንቄና ለልጆቹ ሰላምታዬ ይድረስ ትላለች። ጎረቤታችን ዱቤም ከነቤተሰቡ ሰላም ብሎሃል። አባባም ሰላም ብለውሃል ብዬ ልጽፍልህ ብዕር አንስቼ ነበር። አላሉም፤ እኔን አያናግሩኝም።

ታናሽ ወንድምህ
ጉዮ ጎሊቻ
ነገሌ ቦረና፣ የካቲት 1977 ዓ.ም.